ቻይ ነሽ አትበሉኝ

ይህ በጥቅምት ወር በሰፈራችን የዕድር አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ልጄ በስልክ ቀድታው ነበር። እየሰማች ጻፈችው፤ እኔም አንዳንድ ነገር አስተካክዬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ከኋላ የተቀመጣችሁ አባቶቼና ወንድሞቼም እንኳን መጣችሁ። ጉዳዩ የእናንተም ነው።

አሁን ስተዋወቅ "ብዙ መከራ ያሳለፈች፣ ካንሰርን ያሸነፈች ቻይ እናት" ተብያለሁ። ከልብ እንደተባለ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህችን "ቻይ" የምትል ቃል ዛሬ ልመልሳት ነው የመጣሁት። ልትገድለኝ ምንም አልቀራትም ነበርና።

ቃሏን መቼ እንዳገኘኋት ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ወሎ፣ ቆቦ አካባቢ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲብስ 8 ዓመቴ ነበር። ከብቱ አለቀ። አባቴ ከከብቱ በኋላ ብዙም አልቆየ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ወደ ኮረም ጉዞ ጀመርን። ኮረም እህል ይታደላል ይባል ነበር። ቀን ፀሐዩ ስለማይቻል በሌሊት ነበር የምንሄደው።

በሁለተኛው ሌሊት ስለታም ድንጋይ እግሬን ቆረጠኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ወንድሜን አውርዳ እኔን ልታዝል ነው። እሱ ደግሞ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ኮረም ስንደርስ ቁስሉ ተልቶ ነበር። መጠለያው ውስጥ አንዲት ነርስ ቁስሌን ስታጥብ ጥርሴን ነክሼ አየኋት እንጂ አላለቀስኩም። "ይቺ ምን ዓይነት ቻይ ልጅ ናት!" አለች። ፀጉሬን ዳበሰችኝ። በኩባያ ፋፋ ሰጠችኝ። አብራት ለነበረችው ልጅም ጠርታ አሳየችኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመሰገንኩት ያን ቀን ነው። እናቴ እዚያው ኮረም ቀረች። ወንድሜም ተከተላት። ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ ቃል ናት። በልጅ ልቤ ለካ ሰው የሚወደኝ ስችል ነው ብዬ ያዝኩ።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ በሰው ቤት ልጅነት። እሱን አላበዛባችሁም፤ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ። 15 ዓመት ሲሞላኝ ከቤቱ ወጥቼ እንጦጦ እንጨት መሸከም ጀመርኩ። ሽሮ ሜዳ ያደጋችሁ ሴቶቹን አይታችኋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ወደ ላይ እንወጣለን። ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመን፣ ከቁመታችን የሚረዝም ሸክም አስረን እንወርዳለን። ሰው መውጣቱ የሚከብድ ይመስለዋል። የሚከብደው መውረዱ ነው። ሸክሙ ከኋላ ይገፋሻል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ገመዱ ደረት ላይ ይሰምጣል። ጥበቃ ከያዘን ገመዱን ይቀማናል፤ ያን ቀን ጾም ማደር ነው። የመጀመሪያ ልጄን 8 ወር እርጉዝ ሆኜ እንኳ ወርጃለሁ። ያኔም "ቻይ ናት" ይሉኝ ነበር። ባሌ ሁለተኛዋን ሳልወልድ ሄደ። በኋላ እንጨቱን ትቼ ምጣድ ገዛሁ፤ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች ማከፋፈል ጀመርኩ። በምጣዱ ሁለት ልጆች አሳደግሁ።

በአማርኛችን "ቻለች" ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው "አላቃታትም፣ ሠራችው" ነው። ሌላው "ተሸከመችው፣ ዋጠችው፣ ሆድ ይፍጀው አለች" ነው። እኔ እስከ 43 ዓመቴ ሁለተኛውን ብቻ ነበር የማውቀው።

ነሐሴ 2011 ነው። የፍልሰታ ጾም ነበር። ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ አንድ ነገር እጄን ነካው። ሽምብራ የምታህል ናት፣ ጠንካራ። ተጫንኳት፤ አታምም። "ካላመመኝማ ምን አለብኝ" አልኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይህ ነውና። ሕመም ሲመጣ ነው ሐኪም ቤት የምንሄደው። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ዝም ብሎ ነው የሚያድገው። የእኔ ዓይነት ዝምተኛ ነው። ሁለታችን ዝም ተባብለን 10 ወር አብረን ኖርን።

ለምን ደበቅሽ ትሉኛላችሁ። ልጄ በዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል ነበረች። እንጀራ የማቀርብላቸው 4 ሱቆች ነበሩ፤ ሁለት ቀን ከቀረሁ ሌላ ሰው ይይዛሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስሙን ፈራሁ። እኛ ሰፈር ካንሰር ተብሎ አይጠራም። "ያ በሽታ" ነው። "ያ በሽታ ይዟታል አሉ" ይባልና ድምፅ ዝቅ ይላል። ከዚያ በቁሟ እያለች እንደሞተች ያወሩላታል። ለልጆቼ ያንን አልፈለግሁም።

ኅዳር ላይ ሎሚ ስታህል አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። በልብሴ ላይ ነካ አደረጉኝና "የወተት ዕጢ ነው" ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ደስ አለኝ። መስማት የፈለግሁት እሱን ነበር። መጋቢት ላይ ደግሞ ኮሮና ገባ፤ ሰው ሁሉ ከሐኪም ቤት ሸሸ፤ እኔም ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። ፌጦም ነጭ ሽንኩርትም ቀባሁ። ጸበል ወረድኩ። ጸበል መውረዴን አልጸጸትበትም፤ ዛሬም እወርዳለሁ። እንዲያውም እዚያ ያሉት አባት ናቸው "ሐኪም አይቶሻል ወይ?" ብለው የጠየቁኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋቸው። በጸበል ቦታ ቆሜ ዋሸሁ።

ነገሩን የከፈተችው አንዲት የሰፈራችን እማማ ናት። ዛሬም ከፊት ተቀምጣለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። ሰኔ ላይ እንጀራ ልትገዛ መጣች። ሰፌዱን በቀኝ እጄ ብቻ ሳነሳ አየችኝ። ግራ ብብቴ ውስጥ ንፍፊት ወጥቶ ስለነበር ክንዴን ከፍ ማድረግ አቅቶኛል።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"ምንም።"

በሩን ዘጋችና "አሳዪኝ" አለች። አሳየኋት። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። በነጠላዋ ሸፈነችኝና "አንቺ ልጅ፣ ስትችይ ኖርሽ። አሁን ይህን ለማን ብለሽ ነው የምትችይው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት እሷው ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ።

ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የነገረችኝ ወጣት ሐኪም ናት፣ ልጄ ብትሆን የምትደርስ። ጡት ካንሰር ነው፣ ወደ ብብት ሄዷል፣ ከአራቱ ደረጃዎች 3ኛው ላይ ነው አለችኝ። ከዚያ "ለምን እስካሁን ቆየሽ?" ስትለኝ "ቻልኩት" አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንድታመሰግነኝ ጠብቄ ነበር። እንደ ኮረሟ ነርስ ጭንቅላቴን እንድትዳብሰኝ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እናቴ፣ ይሄ የሚቻል ነገር አይደለም። የሚነገር ነገር ነው" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድፍረት የምለው ነገር ተለወጠ። እንጨት ተሸክሞ ቁልቁል መውረድ ለእኔ ድፍረት አልነበረም፤ ልማዴ ነው። ያን ማታ ልጄ ሽንኩርት እየከተፈች ፊቷ ቁጭ ብዬ "ካንሰር ነው" ማለት ግን በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ነው። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። በመጨረሻ ስነግራት "መቼ ነው ያወቅሽው?" አለች። "ነሐሴ" አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። አሥር። ያለቀሰችው ያኔ ነው። በሽታው አይደለም ያስለቀሳት፤ አሥሩ ወር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ድፍረት መለመን ነበር። መለመን ስል የመንገድ ላይ ልመና አይደለም፤ "እርዱኝ" ማለት። ሰጥቼ እንጂ ተቀብዬ አላውቅም ነበር። ዕቁባችን ዕጣ ሳያወጣ ቀጣዩን ተራ ሰጠኝ። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሰባት ሴቶች ደግሞ ቀን ተከፋፍላችሁ በእኔ ምጣድ እንጀራ ጋገራችሁ፤ ሱቆቹ እንዳይሄዱብኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቼ የአክንባሎውን ድምፅ እሰማለሁ። ሰው እየሠራልኝ እኔ መተኛቴ አንገበገበኝ። አንድ ቀን ተነስቼ ሊጡን ላቡካ ስል እማማ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስተኛችኝ። መተኛት ድፍረት እንደሚፈልግ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕክምናው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከማታውቁት ነገር ይልቅ የምታውቁት ያነሰ ያስፈራልና። ደረጃዬ ከፍ ያለ ስለነበር መጀመሪያ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በደም ሥሬ ተሰጠኝ፣ ዕጢው እንዲሟሽሽ። በየ21 ቀኑ፣ 8 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ 4 ቀይ ናቸው፤ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ሽንትሽን ቀይ ያደርገዋል። ነርሱ ቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ ደም መስሎኝ በድንጋጤ እሞት ነበር። የእርሾ ሽታ ጠላሁ፤ አስቡት፣ እንጀራ ጋጋሪ ሆኜ። አፌ ቆሰለ።

ያ ነርስ የጎጃም ልጅ ነው፤ መርፌው እስኪያልቅ ያጫውተኝ ነበር። አንድ ቀን "ይሄ ቀዩ ከምን እንደተገኘ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ጣሊያን አገር ከአንድ ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ነው አለኝ። በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ መድኃኒቱን የሚሠራው እሱ ነው። ቀጣዮቹ 4ቱ ደግሞ ፓክሊታክሰል የሚባለው ነው፤ እሱም መጀመሪያ የተገኘው አሜሪካ ከሚበቅል የዛፍ ቅርፊት ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ሥርና ቅጠል የእኛ፣ መርፌ የፈረንጅ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፈ ሲራክ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ ይላል። ስንት ጊዜ ሰምቼው ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም። ዛፍ ሲያጎብጠኝ ኖሮ ዛፍ መድኃኒት ሆኖ በደም ሥሬ ሲገባ እያየሁ አለቀስኩ። ነርሱ ያመመኝ መስሎት ደነገጠ።

ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በ3ኛው ሳምንት ፀጉሬ በእጄ መጣ። ልጄ ላጨችኝ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ "ማን ሞቶብሽ ነው?" ይለኛል። በእኛ አገር ሴት የምትላጨው ለሐዘን ነዋ። መጀመሪያ ዘመድ ነው እያልኩ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ስትጠይቀኝ "ማንም አልሞተብኝም። ካንሰር እየታከምኩ ነው" አልኳት። ታክሲው ጸጥ አለ። ስወርድ ከኋላ የነበረች ልጅ ተከትላኝ ወረደች። "እኔም ጡቴ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ለማንም አልነገርኩም" አለችኝ። ዓይኗን ሳየው ራሴን አየሁ።

ከዚያ ቀዶ ሕክምና፤ ግራ ጡቴ ተነሳ። ከዚያ የጨረር ሕክምና፣ ከቅዳሜና እሁድ በቀር በየቀኑ፣ 5 ሳምንት። ጨረሩ አያምም፤ ቆዳውን ግን እንደ ፀሐይ ያጠቁረዋል። ዛሬ በየማታው ታሞክሲፈን የምትባል ክኒን እወስዳለሁ። የእኔን ዓይነት ካንሰር የሚመግበው የሴት ሆርሞን ነው፤ ክኒኗ በሩን ትዘጋበታለች። 5 ዓመት ነው የታዘዘልኝ፤ አሁን በ5ኛው ላይ ነኝ። እስካሁን ምርመራው ደህና ነው።

ስለ ጡቴ ስትጠይቁኝ ታፍራላችሁ፤ አትፈሩ። በመስታወት ፊት ልብሴን ለማውለቅ 4 ወር ፈጅቶብኛል። አሁን ጠባሳውን አየዋለሁ። ሁለት ልጆች ያጠባሁበት ነው። አንዳንድ ቀን ይከፋኛል፣ አንዳንድ ቀን አላስታውሰውም።

አሁን የምናገረው ከባድ ነው፤ ግን ሳልናገረው ከዚህ አልወርድም። ኬሞ ስወስድ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት እህት ነበረች፣ ከባሌ ክፍለ ሀገር የመጣች። ከእኔ 10 ዓመት ታንሳለች። ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበረች፤ ሐኪሞቹን ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች፣ እኔን እያበረታታች የምትስቅ እሷ ናት። አሁን የለችም። በድፍረት ቢሆን እሷ ነበረች እዚህ የምትቆመው። እባካችሁ በካንሰር የሞተን ሰው "ተስፋ ቆረጠች፣ ተሸነፈች" አትበሉ። እሷ መንገድ ፈጅቶባታል፣ የቤት ኪራይ ፈጅቶባታል፣ ቀጠሮ አልፏታል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከዳር አገር ያለ ሁሉ አዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። አሁን በጅማና በሐረርም ተጀምሯል፤ ደስ ይለኛል። ለእሷ ግን አልደረሰላትም። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ የሚሰጡ አሉ። አንዱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ነው። ሐዘናቸውን ዘግተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ዘመድ ከገጠር ሲመጣባችሁ ስሙን ንገሩት።

ቤታችሁ ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ? የወር አበባ የምታዩ፣ ከጨረሳችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ጡታችሁን በጣታችሁ ለስላሳ ክፍል ዳብሱት፤ ብብታችሁንም። ያለፈባችሁ በወር አንድ ቀን ምረጡ፤ እኔ በወር በገባ በ21 ማርያምን ይዣለሁ። አዲስ እብጠት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ጫፉ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣት፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ እስኪያም አትጠብቁ። ሁሉም እብጠት ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ግን በእጅ ነካ ተደርጎ አይታወቅም። "ምርመራው ይታዘዝልኝ" በሉ። እኔ ያላልኩትን በሉ። 30 ዓመት ያለፋችሁ ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ አለ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለሴት ልጆቻችሁም የዚሁ መከላከያ ክትባት ከ2011 ጀምሮ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ሲመጣ ልጅ አታስቀሩ።

አባቶቼ፣ ወንድሞቼ። ይህ በሽታ በጥቂቱም ቢሆን ወንድንም ይይዛል፤ ደረታችሁ ላይ እብጠት ካያችሁ እናንተም አትናቁት። ሚስቶቻችሁ ደግሞ "ምንም አልሆንኩም" ሲሏችሁ አትመኗቸው። እንደኔ የሰለጠነች ዋሾ ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛ ጠይቋት።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ማቆሚያው ጋ እቆማለሁ። ነጭ ነጠላ ነው የምለብሰው። ሐኪም ቤት መሄድ ፈርታ የቆየች ካለች ትምጣ፤ ካርድ አብረን እናወጣለን፣ ወረፋው ላይ አብረን እንቀመጣለን። ምን እንደሆነባት አልጠይቃትም። ማንም ካልመጣም እስከ 2 ሰዓት እጠብቃለሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞም እዚያው ነኝ።